ኩርፌ

በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልላ ከአዲስ አበባ መጣች፣
ክር የመሰለ አራት ግንድ፣ የጫጩት ላባ የለበሰች።
ይታያል ነው ያመጣልኝ። ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ገና
«አደራ» አለኝ በመስኮት፣ «ይህቺ ልጅ ኩርፊያ ታውቃለችና።»
ስሟን ከዚያ አወጣሁላት።

ባሕር ዳር፣ ቀበሌ አሥራ አራት፣ ከስልክ መጠገኛዬ ጓሮ
በሲሊኮን ያጣበቅሁት የመስታወት ሣጥን አለኝ ዘንድሮ።
«አስገባኋት» ስላት ሚስቴ፣
«አገባኋት በለኝ» አለች።

የቧንቧ ውሃ ብሰጣት ጨው በዛብኝ ብላ ጠቆረች፤
ከሐይቁ ቀድቼ ባመጣ ደለሉን ደርባ ታመመች።
ደግነቱ ሐምሌ ነበር፤ ከቆርቆሮው አሸንዳ ሥር
ዝናም አቁሬ በባልዲ፣ በነጠላ አጥልዬ ሳሳድር
አንዷ ግንድ ቀና አለች።
ሦስቱ እንደ ጨው ሟሙ።

እኛ የምንተፋው ትንፋሽ ለእሷ ቀለብ ነው ሲሉኝ
በሃይላንድ ጠርሙስ ስኳርና እርሾ በጥብጬ ቋጠርኩ፣
በግሉኮስ ቱቦ ትንፋሹን ወደ ውሃዋ አሻገርኩ።
ቤቱ ጠላ ጠላ ሸተተ። ጥሩአየሁ በሩ ላይ ቆመች፦
«የስንት ሰው ድግስ ነው?» አለች።
«የአንዲት።»
ስኳሩን ደበቀች።

በቀን ስምንት ሰዓት ብርሃን ትሻለች፤ መብራት ኃይል ይህን አያውቅም።
በጠፋ ቁጥር ጫፏን ጨብጣ ትተኛለች፤ ሲመጣም ቶሎ አትነቃም።
ስትገረጣ «ብረት ነው» ቢሉኝ፣ ከሥሯ የዛገ ሚስማር ቀበርኩ።
ጓዴ መረቡን በትከሻው እንዳንጠለጠለ አየኝ፦
«ታና እዚያ ተንጣሎ አንተ በሣጥን ሐይቅ ትቀልባለህ?
ለመሆኑ ዓሣው የታለ?»
ዓሣ የለም። እሷ ብቻ።
ምን ልበለው?

ቅዳሜ በአይሱዙ ተጭነን ወደ ፎገራ ዳር ሄድን፣ እምቦጭ ልንነቅል።
ማንም ስኳር አላቃመው፣ ማንም መብራት አላበራለት፣
ሐምራዊ አበባውን ነስንሶ ውሃው ላይ ድንኳን ጥሎበት።
እስከ ደረታችን ገባን። አንዱን ስንጎትት ከኋላ ሦስት በቀለ።
ቀን በመንሽ የነቀለ እጄ
ማታ በወረንጦ ተከለ።

በመስከረም ኩርፌ ታረቀች።
ላባዋን ዘርግታ፣ በየጫፉ የአየር ዶቃ ደረደረች፤
አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት የውሃውን ገጽ ነክታለች።
ሚስቴን ልጠራ አፌን ከፍቼ
ፈራሁ።

ማን ያውቃል፣ እምቦጭም ድሮ በአንድ ሰው ጎድጓዳ ሣህን
«እባክህ፣ እንዳትሞትብኝ» ተብሎ ተለምኖ ይሆን?

መቀስ አነሣሁ። ጓዴ ደግ ነው፣ እጁን ዘረጋ፦
«ስጠኝ፣ ከታንኳው ላይ እጥለዋለሁ።»
«የለም ጓዴ፣ የለም።»
የቆረጥኩትን ቆጠርኩ፤ ዐሥራ አንድ። አንድም ሳላስቀር
ዝናሟን ባወረደላት በዚያው ቆርቆሮ ላይ አሰጣሁት።
ፀሐዩ ክር አደረገው።
ማታ በክብሪት ለኮስኩት፤ ለጭስ እንኳ አልበቃም።

ኩርፌ ጫፏን ጨብጣ ተኝታለች።
ነገ ስኳር እገዛለሁ።