ጋሽ ቶን

ሙሴ ኤቲየን ሲሄድ «ሁለት ሳምንት» አለኝ፤
ገመዱን፣ ሳህኑን፣ ውሻውን
በዚሁ ቅደም ተከተል አስረከበኝ።
የጣናን ዓሣ ዘር ሊቆጥር የመጣ ሰው ነበር፤
ቆጠራው አልቆ ይሁን ገንዘቡ፣ አላውቅም፤
ሁለት ክረምት ዘንቦ አባራ።

ዘሩ ባሴ ነው አሉ፤
በአገሩ በፈረንሳይ ጥንቸል በጠረን የሚከተል።
ስሙም ጋስቶን ነበር።
የሽምብጥ ልጆች ግን ስም በጥሬው አይበሉም፤
አሽተው፣ ቀቅለው፣ «ጋሽ ቶን» አሉት።
እውነትም ለጋሽነት ምን ያንሰዋል?
ግንባሩ ተሸብሽቦ፣ ዓይኑ ከሥሩ ረግቦ፣
ሒሳብ የጎደለበት የዕድር ሰብሳቢ ይመስላል።
ርዝመቱ የአግዳሚ፣ ቁመቱ የበርጩማ፤
ጆሮው መንገድ ይጠርጋል።
«ጆሮ ነው ነጠላ?» ትላለች የጎረቤቴ ልጅ ስንዱ።

ማለዳ ማለዳ ያን ጆሮ አጥባለሁ።
ለብ ያለ ውሃ፣ ጥጥ፣ ጥቂት ልመና።
ገለጥ አድርጌ አሸታለሁ፦
እንደ እርሾ ከኮመጠጠ ታሟል፤
ካልኮመጠጠ የዛሬን አመለጥን።
የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ፤
ብሎን ሲፈታ የኖረ ጣት
እንዲህ መለስለስ እንደሚችል
በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ሰማሁ።

ምግቡ በልክ ነው፤ ወገቡ ረጅም፣
ሆዱ ከከበደ አይሸከመውም።
በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ሲዘጋ
የአምባዛ ራስ ቀቅዬ እሾሁን ስለቅም
አላፊ አግዳሚው በአጥር ያየኛል፦
«ለራሱ ሽሮ፣ ለውሻው ዓሣ!»
ደረጃ አይወርድም፤ አቅፌ አወርደዋለሁ
እንደ ክርስትና ልጅ።

ቤት ይጠብቃል ብዬ ነበር።
ሌባ ሲገባ ጅራቱን ይቆላል፤
ጅብ ሲጮህ አልጋ ሥር ነው።
ነገር ግን አንዳንድ ሌሊት ነፋሱ ከሐይቁ
እኔ የማላውቀውን አንድ ነገር ሲያመጣ
ድምፁ ከሆዱ ሥር እንደ እምቢልታ ይወጣል፤
ያን ሌሊት ሰፈሩም አይተኛ፣ እኔም አልተኛ።

አፍንጫው መሬት ከነካ ጆሮው ይደፈናል።
በዘንባባው ሥር፣ በባጃጁ ግርግር መሃል
እንደ ቀረጥ ሹም ድንጋይ ሁሉ ይፈትሻል፤
ብጠራው አይሰማም።
ስለዚህ ገመዱን አልለቅም።

በጥቅምት፣ ቅዳሜ ቀን፣ ወደቡ አጠገብ
አንዱን ጠረን ያዘና ጎተተኝ፦
በደንገሉ ዳር፣ በደረቀው የእምቦጭ ክምር ጥግ፣
በጭቃ።
ልመልሰው ብል ወገቡ ይጎዳል ብዬ ፈራሁ፤
ወይም ለራሴ እንዲያ ብዬ ነገርሁት።

ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ላይ ቆመ።
የዓሣ ጭስ።
በሩን አውቀዋለሁ፤ ግማሹን የቀባሁት እኔ ነኝ።
የወንድሜ የልየው በር፤
በአንዲት አሮጌ ሞተር የተነሳ
በአንድ ከተማ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር
ዘጠኝ ዓመት ያልረገጥሁት።

ጋሽ ቶን ቁጢጥ ብሎ፣ አንገቱን አንጋጦ
ያን እምቢልታውን ነፋ።

ልየው ወጣ። ሸብቷል።
ቢላ በእጁ፣ ቅርፊት በክንዱ።
እኔን ሳይሆን ውሻውን አየ።
«የዚህን እግር የት ጥለኸው መጣህ?»
የዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያ ቃል።
ሳቄ አመለጠኝ።
ከዚያ የምናደርገው ጠፋን።
«ውሻው ነው ያመጣኝ» አልሁ።
«አንተማ መች ትመጣ» አለ፤
በሩን ግን አልዘጋም።

ስለ ሞተሩ እስከ ዛሬ አላነሳንም።
ቅዳሜ ቅዳሜ «ምን ላድርግ፣ ጎተተኝ» እላለሁ፤
እሱም የላላውን ገመድ እያየ
ዝም ይላል።

ባለፈው ውሃ ለብ አድርጎ ጠበቀን።
ጆሮውን ገልጬ «ሽተት እስቲ፣ ኮምጥጧል?» አልሁት።
ጎንበስ አለ፤ ቆየ፤
አፍንጫው እጄ ላይ ደረሰ።
«ቤንዚን ነው» አለ።