ቅጠሉ ወደቀ

ከኮምቦልቻ ስንነሳ መርፌው መሃል ነበር፣
አረንጓዴው ላይ ቆሞ፣ እንደ ጨዋ እንግዳ ዝም ብሎ የሚያድር።
ቦርከናን ተሻግረን፣ ፋብሪካውን አልፈን፣
በሁለተኛ ማርሽ፣ ተሳቢው ሲሚንቶውን ታቅፎ ወደ ኋላ እየጎተተን፣
ሐረጎ ወገብ ላይ፣ ሦስተኛው ጥምዝ ጋ፣
መርፌው ቀዩን ረግጦ እጁን ዘረጋ።

«ጦይብ! ታኮ!» አልኩኝ። ዘሎ ወረደ ልጁ፣
ከኋላ ጎማ ስር ገባ ታኮው ከነእጁ።
ሞተሩን አላጠፋሁም፤ ውሃው ድንገት ሲቆም ነው ብረት የሚሰነጠቅ፤
ሚኒሞ ላይ ይተንፍስ፣ ላቡ እስኪደርቅ።

ጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሲጣደፍ አየሁትና
«ተው!» አልኩት፣ «እንፋሎቱ ፊትህ ላይ ያርፍና
ገና ሚስት ያላገባህ ልጅ፣ ለማን እናስረክብሃለን?»
ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የሞተሩን ክዳን ከጋቢናው ውስጥ አነሳሁ፤
እንደ ሐኪም ሳይሆን እንደ ባለዕዳ ዳሰስኩ፣ ሰማሁ።
የላዩ ቱቦ እሳት።
የታቹም ያው እሳት።
ውሃው ይዞራል እንግዲህ፣ ፓምፑ ጤነኛ፤
ቴርሞስታቱን ከሦስት ዓመት በፊት ሚሌ ላይ ነቅዬ ጥያለሁ፣ ከበረሃው ጋር ይተኛ።
ቺንጋውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፣ ጠበቅ ብሏል፤
ቬንትሌተሩም ይሮጣል። ታዲያ ይህ ኤንትሬ ምን ሆንኩ ይላል?

ያኔ የፈራሁት መጣ። ጓርኒሲዮኑ።
ተስታታው ከወረደ ስንት ነው ቀኑ?
እንድሪስ ጋራዥ፣ ሸዋ በር፣ ቆሜ ስለምን፣
የዘሐራ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የሁለት ጎማ ዕዳ ጠብቀውን።
የዘይቱን ዘንግ መዘዝኩ፣ ዐይኔን ጨፍኜ፤
ወተት ከመሰለ አለቀልኝ ብዬ፣ አምላኬን ለምኜ።
ጥቁር ነው።
እንዲህ በጥቁር ነገር ተደስቼ አላውቅም።

ታዲያ ምን ቀረ? ሰው ቀረ።
«ጠዋት ውሃ ሞልተሃል?» «ሞልቻለሁ።» «ዋሽተሃል!»
«ወላሂ ጋሼ፣ እስከ አፉ።»
«እስከ አፉ! አንተ እንቅልፋም! ምን ቸግሮህ ትሞላለህ!»
ሰው ሲጨንቀው ሸክሙን ከበታቹ ላይ ይጥላል፤
እኔም ተሳቢዬን ልጁ ላይ ቆለፍኩ። ልጅ ምን ይላል?
አንድ ሲኖ ክላክሱን እየነፋ አለፈን፣
ከጦሳ ወገን የወረደ ጉም ግማሽ ፊታችንን ሸፈነን።

ጦይብ አልመለሰም። ከመንገዱ ዳር
የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጠፈ፣ ቀጭን፣ እንደ ጣት ያለ፣
ወደ መኪናው ፊት ሄዶ
ፍርግርጉ ላይ ለጠፈውና እጁን አነሳ።
«ምን እያደረክ ነው?»
«ይስበው እንደሆን።»
ቅጠሉ ወደቀ።
ደገመ። ወደቀ።
ቬንትሌተሩ ከውስጥ እየሮጠ፣ ከውጭ አንዲት ቅጠል መሳብ አቃተው።

ፍርግርጉን ፈታን። ከጀርባው፣ ራዲያተሩ ላይ ተለጥፎ፣
የማካሮኒ ካርቶን፤ ጠርዙ በሙቀት ረግፎ።
«ይህ ወገን ወደ ላይ» ይላል፣ ቀስት ተስሎበታል፣
ቀስቱም እንደ እኛ ደሴን ያያል።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ቧንቧ ውሃ፣ ጣት የሚቆርጥ ብርድ፣
ሞተሩ አልሞቅ ብሎ እንደ ሽማግሌ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያርድ፣
ካርቶኑን የሸጎጥኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።
ቁልቁለቱን ባዶ ስንወርድ ማን ሙቀት ያስታውሳል?
ጦይብ ያን ጊዜ ገና አልተነሳም ነበር።

ውሃ ጨመርን፣ ቀስ እያልን፣ ሲበርድ።
መርፌው ወደ ቦታው ጀመረ መውረድ።
ይቅርታ የሚሉት ቃል በሁለተኛ ማርሽ አይወጣም፤
ሞከርኩ፣ ጉሮሮዬ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ታኮም አላስፈለገውም።

እሱ ግን ካርቶኑን አራት ላይ አጠፈ፣
ከወንበሩ ስር ሸጎጠውና ተደገፈ።
«ነገም ደሴ ብርድ ነው፣ ጋሼ» አለኝ።
ከዚያ እስከ ከተማ
መርፌውን የሚያየው እሱ ነበር፤
እኔ መንገዱን።