መቶ ሃያ አራት

አስራ አንድ ክረምት ሆነኝ ጨው ስዘራ፣
ከሃሚልተን ወደብ እስከ ላይ ተራራ።
(ተራራ ይሉታል እነሱ፤
አንኮበር ላደገ ጉብታ ነው እሱ።)
ከሐይቅ ሥር ተቆፍሮ ከጎድሪች የመጣ
ስምንት ቶን ጭኜ እኩለ ሌሊት ስወጣ፣
ከኋላዬ ሳህኑ እየተሽከረከረ
በረዶው እያጉረመረመ ተሰበረ።
ጓንቴ ጨው፣ ጫማዬ ጨው፣ የጢሜ ጫፍ ጨው፤
ውሻዬ እንኳ ስገባ እጄን ነው የሚልሰው።

በጥር መጨረሻ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል፣
ባርተን ጎዳና ላይ መንገዱ ጠፋኝ።
ዓይኔን ጨፍኜ የምነዳው መንገድ!
ግራው የቱ ነበር? ቀኙስ በየት ይኬድ?
ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ሲከብደኝ፣
ምግብ ሲያቅለሸልሸኝ፣
«ድካም ነው» ብዬ ነበር።
ሬዲዮው ተጣራ፦ «ገበያው! ገበያው!»
እኔም አሰብኩ፦ ይህን ሰውዬ የት ነው የማውቀው?
ዳሪል መጥቶ እስኪያወርደኝ፣
ሞተሩ እየሠራ፣
ስሜን ስፈልግ ቆየሁ።

ደሜን ቀዱ። ወረቀቱ መጣ።
ሶዲየም፦ መቶ ሃያ አራት።
የጤነኛ ሰው ከመቶ ሠላሳ አምስት አይወርድም ይላል፤
ከቁጥሩ ጎን አንዲት ቀስት፣ አንገቷን የደፋች፣
ለቅሶ ቤት የገባች።

«ሶዲየም ምንድነው?»
«ጨው» አለች ነርሷ ማሪሴል።
ሳቅኩ፤ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቅኩ።
ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤
እኔ ከተማ አጣፍጬ
ራሴ አልጫ ሆንኩ?
«ከመኪናዬ አንድ ጭብጥ አምጡልኝና ልሂድ!»

ማሪሴል ጨዋ ናት፣ አልሳቀችም።
«በቀን ስንት ትጠጣለህ?»
አራት ሊትር፤ አንዳንዴም አምስት።
ስልኬ በየሰዓቱ ይደውላል፦ ጠጣ!
ኩላሊት ይታጠባል፣ ቆዳ ይጠራል ብለውኝ።
በጥቅምት ለግፊቴ የታዘዘች ክኒን አለች፣
ሽንት ታበዛለች፤
ዘርትሁንም ከሽሮው ጨው ከለከለች።

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።
«ሾርባ አስብ» አለኝ፤
«ውሃ ደራርበህ ብታፈስበት ምን ምን ይላል?
ጨው ብቻ አይደለም የጎደለህ፣ ውሃው ነው የበዛው።
ክኒኗ ጨዉን ሸኘች፣ ውሃው ቀረ።»
ሽንት ያልኩት ለካ ሽኝት ነበር።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ
ወንዝ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ብርጭቆም ወንዝ ነው፣
ለካ አንጎልም ያብጣል ውሃ ሲያድርበት
እንደ ተነከረ ባቄላ።

«እንግዲያው ዛሬውኑ ሙሉልኝ!»
«አይሆንም። ቀስ ብሎ የወረደ ቀስ ብሎ ይወጣል፤
ከቸኮልን አንጎልህን እንጎዳዋለን።»
ይህች ያለ አስተርጓሚ ገባችኝ።
የመኪናዬ መለኪያ ለእያንዳንዱ ኪሎሜትር ልክ አለው፦
ሲያንስ ሰው ይንሸራተታል፣
ሲበዛ የመንገድ ዳር ዛፍ
ሚያዝያ መጥቶም አያቆጠቁጥም።

ክኒኗ ቆመች። ውሃ በቀን አንድ ሊትር ሆነ፤
ማሪሴል ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ አሰመረች፣
የምሳ፣ የእራት፣ የሌሊት።
ጥማት አጠገቤ ወንበር ይዞ
እንደ ጠያቂ ተቀመጠ፤ አይሄድም።
በማግስቱ መቶ ሃያ ዘጠኝ።
ዘርትሁን ቁጥሩን እንደ ሎተሪ ዕጣ
መዳፏ ላይ ጻፈችው።

ማታ ከመስኮቱ ሥር ሰማያዊ መብራት ሲሽከረከር አየሁ፤
ሌላ ሰው በእኔ መኪና የእኔን ጨው ይዘራል።
እጁ ይበዛል።
«ቀንስ!» ብዬ መስታወቱን መታሁ፣
«ቀንስ አንተ ሰው፣ ዛፎቹ!»
እሱ አልሰማኝም።
ማሪሴል ግን ሰምታ መጣች፤
ምን እንዳልኩ አልጠየቀችም፤
ከራሴ በላይ የተንጠለጠለውን ጠብታ
ቀና ብላ ቆጠረች።