ውሉ

ኅዳር ነው፤ ሊዬፓያ ወደብ ላይ ባልቲክ ያገሳል፣
የሚዛን ቤቱ መስኮት የጨው ግርዶ ለብሷል።
እዚህ ነው በነሐሴ፣ ስድስት ሌሊት አምሽቼ፣
ሁለት መቶ መስመር ስክሪፕት የጻፍኩት፣ ሄሪንግ ሄሪንግ ሸትቼ፦
ጀልባው ስንት አመጣ፣ በረዶው ስንት መዘነ፣
ከዓመቱ ኮታ ስንት ኪሎ ተቀነሰ፣ ስንቱ ባከነ።

ቪስቫልዲስ ገባ፤ ቦቲው ውኃ እያንጠባጠበ፣
ፍላሽ ዲስኩን እንደ ክኒን በመዳፉ ይዞ ቀረበ።
«ስካይድሪቴ፣ ያቺን ሒሳብሽን ስጪኝማ፣
በአንድ ፋይል ጠቅልለሽ፣ ሁለቴ ስነካት የምትሰማ፤
ይኼን ጫን፣ ያንን አውርድ አትበይኝ፤
ኮምፒውተሬ አርጅታለች፣ እኔም እንደምታዪኝ።»

ምን ገዶኝ!
ነፃ ማሸጊያ ፕሮግራም ነበረኝ፤ ስክሪፕቱን አጎረስኩት፣
ተርጓሚውንም ከነጓዙ አስከትዬ አስዋጥኩት፤
አንድ ድብልብል ፋይል ተፋልኝ፣
እንደ ሳርዲን ቆርቆሮ ጥርቅም ያለ፣
ስፌቱ የማይለይ።
ነካሁት። ሠራ።

ከዚያ ነው «ተስማምቻለሁ» ያልኩትን ያነበብኩት፤
አንቀጽ አሥራ አራት፣ በጉንዳን እግር የተጻፈ፣
ዓይኔ አይቶ ያላየው፣ ጣቴ ሮጦ ያለፈ፦
«በነፃው እትም ያሸግኸው ከገዛ ማሽንህ አይውጣ፤
ለሌላ ልስጥ ያለ፣ ዋጋውን ከፍሎ ይምጣ።»
ፈቃድ ይሉታል፤ የማን ፈቃድ እንደሆነ ማን ያውቃል፤
ዓሣው የኔ ነው፣ ቆርቆሮው ግን ጌታ አለው፣ ይጠብቃል።

ከሆዱም ሌላ ድምፅ ነበረ፤
ክፍልፋይ የምታሰላልኝ ሚጢጢ ላይብረሪ፣
የማላውቀው ሰው የጻፋት፣ ቃሏ አጭር፦
«በነፃ ውሰደኝ፤ ለሰው ስትሰጠኝ ግን
ምንጬን አትድፈን።»

አንዱ አይውጣ ይላል፣ አንዷ አይዘጋ፤
እኔ መሀል ቤት፣ እስኪነጋ።

ጠዋት ቪስቫልዲስን መረብ ሲጠግን አገኘሁት፣
«ውሉ አልፈቀደልኝም» አልኩት።
«የቱ ውል?» አለ፣
የዘረጋውን መረብ ዞሮ እያየ።

እንግዲህ ሳላሽግ ሰጠሁት፤ ጥሬውን፣ ጽሑፉን እንዳለ።
ተርጓሚውን ቤቱ ሄጄ ጫንኩለት፤ ሦስት ሰዓት ፈጀ፣
ሁለቴ ተሳደበ፣ አንዴ ሻይ ደፋ።

በሳምንቱ ተመለሰ። መስመሮቹን ሁሉ በወረቀት አሳትሞ፣
በወስፌው ጫፍ ሠላሳ አንደኛው ላይ ቆሞ፦
«እዚህ ጋ፣ ልጄ፣ በረዶውን ሁለቴ ቀንሰሻል፤
አንዴ እላይ፣ አንዴ እታች።»

አየሁት። ከመስከረም ጀምሮ
ስንት ጀልባ፣ የስንቱ ሰው ኪሎ።
«ቋጠሮ ላልቶ ነው» አለ፣ «ያጋጥማል»፣
ወስፌውን ኪሱ ከተተ።

ኮቴን ለበስኩ።
ሌሎቹ ጀልባዎች ገና አልወጡም ነበር።