አንድ ፊደል ትርፍ

ከአሞራ ገደል በላይ፣ ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ቢሮ፣
አባ ኮዳ ጣሪያው ላይ ቆሟል ኮቱን አሳምሮ።
እኔ ከውስጥ ነኝ። ጸሐፊው ብጣሽ ወረቀት ሰጥቶኛል፤
«መስመር መቶ ሰማንያ ሰባትን ቀይር» ይለኛል።

ፋይሉ ሌጣ ጽሑፍ ነው፤ ጌጥ የለው፣ ሠንጠረዥ የለው፣
የታንኳ ቁጥር፣ ከዚያ ስም፤ ያለው ይኸው ብቻ ነው።
ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው በተርታ ቆሞበታል፣
ሁሉም የየራሱን መስመር እንደ መረብ ይዞታል።

ኮዴ ከላይ ጀመረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሐምሳ፣ መቶ፤
ማንንም ሳይቀሰቅስ አለፈ፣ ቆመ እዚያች መስመር ገብቶ፦

      14 ዱካሞ በራሳ

ዱካሞን አውቀው ነበር።
ቆሮሶ ሲመዝን ሚዛኑን በጣቱ አይነካም፤
ሌላው ሁሉ ይነካል።
ነሐሴ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ በድንገት ተነሣ።
ታንኳዋ ስትገለበጥ ሁለት ነበሩ፤
አንዱ ጄሪካን አቅፎ ወጣ፣
ዱካሞ በሦስተኛው ቀን ከደንገሉ መሐል ተገኘ።

«ድርሻው ለልጁ ይዙር» ብሎ ማኅበሩ ተስማማ፤
ዳንቺሌ ትባላለች፣ ድምጿ ከጥግ የማይሰማ።
እኔም በችኮላ፣ ባጃጁ ከደጅ ጡሩምባ ሲነፋ፣
«ከዚያው ላይ ደርበህ ጻፍ» አልኩት፤ ምን ሊጠፋ?

      14 ዳንቺሌ ዱካሞ

አስቀመጥኩ፣ ዘጋሁ፣ «መብራት ሳይሄድ ቀደምኩት» ብዬ፤
ከታቦር ግርጌ ተኛሁ፣ ኮርቼ በሙያዬ።

በማግስቱ የክፍያ ቀን። ጸሐፊው ከዝርዝሩ ይጠራል፤
የተጠራ ይፈርማል፣ የፈረመ ብሩን ይቆጥራል።
«ዳንቺሌ ዱካሞ...» አለና ትንሽ ቆየ፣
«...ላሚሶ ሃርቃ» ጨመረ፣ ወረቀቱን ዳግም እያየ።

ከኋላ አንድ ወጣት ተነሣ፦
«ላሚሶ እኔ ነኝ እኮ!
ሚስት እንኳ የለኝም፣ አያት አደረጋችሁኝ እንዴ?»
ሰው ሳቀ። ዳንቺሌም ሳቀች፤
ከነሐሴ ወዲህ ጥርሷን ሳይ የመጀመሪያዬ።
እሱ ግን አልሳቀም። «የኔስ ቁጥር? የኔስ ብር?»
ጄሪካኑን አቅፎ የወጣው እሱ ነበር።

ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ።
ዱካሞ በራሳ፣ ከነክፍተቱ ሰባት።
ዳንቺሌ ዱካሞ፣ ስምንት።
የተረፈችው አንዲት ፊደል ናት።
የኛ ፊደል ደግሞ በማሽኑ ሆድ ሦስት ቦታ ትይዛለች፤
አንዱን ከመስመሩ ማብቂያ፣
ሁለቱን ከላሚሶ ታንኳ ቁጥር ላይ ነጥቃ ገባች።
አጥሩ ፈረሰ፤ ሰውየው በጎረቤቱ ስም ውስጥ አደረ።
ሐይቁ የማረውን
እኔ በፋይል አሰጠምኩት።

ደርበው ሲጽፉበት መስመር አይለጠጥም፤
የሄደ ሰው በተወው ልክ የሚመጣ አይገኝም።

ስለዚህ ሌላ ባዶ ፋይል ከፈትኩ።
ሥራው ግልበጣ ነው (ቃሉ ያው ነው፤
ታንኳዋም ተገልብጣ ነው)።
ከላይ ያሉትን እንዳሉ፣ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፤
ላሚሶን ከአምና ወረቀት ላይ ፈልጌ አወጣሁ፤
እዚያች መስመር ስደርስ ቆምኩ።

ዳንቺሌ ከጀርባዬ ናት። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።
«አባቴ የታል?»
«ካንቺ ቀጥሎ።»
አየችው። «ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሏል» አለች።
ቀጥላም፣ «አያቴስ?»

በአሮጌው ቢሆን ቦታ አልነበረም።
እዚህ ግን የሚቀጥለው መስመር ገና አልተጻፈም፤
ብንረዝም ማንንም አንነካም።

      14 ዳንቺሌ ዱካሞ በራሳ
      14 ላሚሶ ሃርቃ

ከዚያ የቀሩትን፣ እስከ መጨረሻው።

ጸሐፊው «የተበላሸውን አጥፋው» ብሎኛል።
እሺ ብያለሁ፤ አላጠፋሁም።
እዚያ ውስጥ ላሚሶ ዛሬም አያት ነው፤
ሦስቱም በአንድ መስመር፣
በአንዲት ታንኳ።