የማክሰኞ እርሾ

ማክሰኞ፣ መጣህ ደግሞ፣ እንደ ክፉ አበዳሪ፣
ግራጫ ኮት ለባሽ፣ ደጅ ላይ ተገታሪ።
የዊኒፔግ ሰማይ ጣሪያ ላይ ተጋድሟል፣
ያልታጠበ አንሶላ መስሎ እዚያው ከርሟል።
ማሞቂያው እንደ ሽማግሌ ሲስል ነው ያደረ፣
ካልሲዬም እርጥብ ነው፣ ያው እንደ ነበረ።

ክፉ ቀን ብትሆን እኮ ደግ ነበር፤
ጎረቤት በደረሰ፣ «አይዞሽ» ባለኝ ነበር።
አንተ ግን ተራ ነህ፤ ለቅሶ የማይደርሱህ፣
ቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ የማይከቡህ።
የምትፈልገውን አውቃለሁ፤ ፊቴን ነው፤
ሥራህ ሰዉን ሁሉ ግንባር ማስቋጠር ነው።

ዛሬ አልሰጥም።

ከትናንትናው ሳቅ ጥቂት አስቀርቻለሁ፣
ክዳን ባለው ዕቃ ከድኜ አኑሬያለሁ።
እንዲህ ነው የሆነው፦
ከሆስፒታሉ አንሶላ፣ ከእጥፋቱ ሥር፣
ሰው ሠራሽ ጥርስ ወጣ፣ ከነድዱ፣ ሲያምር።
ባለቤቱ የለም፤ ፈገግታው ግን አለ፤
ያለ ፊት፣ ያለ ጉንጭ፣ ጠረጴዛው ላይ ዋለ።
ሉዝ ደረቷን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ፣
እኔም ተደፋሁኝ ከእርጥቡ አንሶላ።
ያንን ነው የቆጠብኩት። እርሾ ነው፤ ይጎመዝዛል፤
ትንሽ ነው፣ አሮጌ ነው፣ ግን አዲሱን ያነሣል።

«ውሸት አይደለም ወይ?» አለችኝ ሉዝቪሚንዳ፣
«ፊትሽ ላይ መለጠፍ የማታውቂውን እንግዳ?»
ዝም አልኩኝ። እውነት አላት። ያለፈው ሐሙስማ
ሲቃዬ ከማድረቂያው ጩኸት ጋር ተስማማ፤
ማንም አልሰማኝም።
እርሾዬ ሞቶ ነበር፣ ቤቱ ቀዝቅዞበት።
ይሞታል አንዳንዴ፤ ምን ይደረግለት?

እርሾ ከቤት ሲጠፋ ከጎረቤት ነው መዋስ፤
እኔም አንድ አለኝ፣ ኮቫልቹክ፣ እግሩን የሚያነክስ፣
ከግቢው በረዶ ላይ የተከለ አንድ ወፍ፣
ሮዝ፣ ፕላስቲክ፣ ባለ ሽቦ ቅልጥም፣ ከቶ የማይከንፍ።
ለዚያ የሙቅ አገር ወፍ ሻርፕ አስሮለታል፣
«ብርድ እንዳይመታው» ሲል፤ ሰፈሩ ይስቅበታል።
ለምን? ብዬው ነበር። ትከሻውን ሰበቀ፤
«ነጭ ነጩን አየነው፤ በቃን» ብሎ ሳቀ።

ዛሬ ማለዳ ግን ወፉ ከቦታው የለም።
የበረዶ ጠራጊው መኪና አላዘነለትም፤
ጭቃ የለወሰው ክምር አራግፎበት አልፏል፣
የሻርፑ ጫፍ ብቻ እንደ ምላስ ወጥቷል።
አውቶብሴ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ጓንቴ ቀዳዳ ነው፤
ማክሰኞ፣ ሰማሁህ፤ «ለፕላስቲክ?» እያልክ ነው።
በምሳ ዕቃ ክዳን ተንበርክኬ ጫርኩኝ፣
ጉልበቴ በረደኝ፣ ሰው አየኝ አላልኩኝ፤
ምንቃር ወጣ፣ አንገት ወጣ፣ ሮዝ ጀርባው ወጣ፣
አውቶብሱም ከኋላዬ መጣ፣
ቆመ፣
ሄደ፤ ሌላው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሊመጣ።

መጋረጃው ተገልጦ ኮቫልቹክ ብቅ አለ፣
ጥርሱን ገና ሳያደርግ፣ በድዱ ፈገግ አለ።
ትናንት ፊት የሌለው ጥርስ፣ ዛሬ ጥርስ የሌለው ፊት!
ከዚህ ወዲያ ግጥም፣ ከዚህ ወዲያ ግጥምጥሞሽ ከወዴት?
ሳቄ አመለጠኝ፣ ብቻዬን፣ መንገድ ዳር፣
እጄ ቀልቶ፣ እጅጌዬ ውኃ እያንጠባጠበ፣ ከአንድ ወፍ ጋር።

ሉዝን «እዘገያለሁ፣ ወፍ ተቀብሮብኝ» ብዬ ጻፍኩላት፤
ምን እንደ መለሰች አልናገርም፤ ነውር አለበት።

ፀሐይ? አልወጣችም፤ ከዓርብ በፊት አትወጣም፤
እኔ ግን ወጥቻለሁ፤ እሷን አልጠብቃትም።
ማክሰኞ፣ ና እንተሳሰብ፦ ግማሽ ሰዓቱን ከደሞዜ ቁረጥ፤
ካልሲውም ያንተ ይሁን፤ ፊቴ ግን አይሸጥ።

ከዛሬውም ሳቅ ጥቂት አስቀርቼ ከደንኩ።
ነገ ረቡዕ ነው፤
ያውም ጾም።