ይሄኛው ያበቃል

የቲማቲም ማሸጊያው ለገና ዕጣ ሲያወጣ
የአያልነህ ቁጥር፣ ሰባ አራት፣ ወጣ።
አንድ ሌሊት ለአራት ሰው፣ ቁርስም የታሰበበት፣
በታቤርናስ በረሃ፣ መዋኛ ባለው ሆቴል ቤት።
ጓደኞቹ አጨበጨቡ። እሱ ወረቀቱን አጥፎ
ዝም አለን ሦስት ወር፣ ጥርም የካቲትም አልፎ፣
ትርሲት መሳቢያ ስታምስ ከመብራት ደረሰኝ ሥር አገኘችው፣
«አባዬ፣ መዋኛ አለው!» ቤቱን በጩኸት ሞላችው።
«በረሃ እኮ ነው» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
ማን ሰምቶት? ማቴዎስ የዋና መነጽሩን ፈልጎ
እሱን እንዳጠለቀ ነው ያን ማታ ራት የበላው።

ቅዳሜ በማለዳ ከሁላችን ቀድሞ ነበር
ከመኪናው ኋላ ስድስት ጀሪካን ውኃ ሲደረድር።
መንገዱ ሠላሳ ደቂቃ ነው። አላልኩትም።
አንዳንድ ነገር አለ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ያልነካሁትም።

የላስቲኩን ባሕር አለፍን፣ እሱ ወገቡን የሚያጎብጥበትን፣
እኔም ከሰኞ እስከ ዓርብ አንሶላ የምወጥርበትን
ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሆቴል በመስኮት ገላምጬ፣
እንግዳ ልሆን ሄድኩ፣ እግሬን አጣምሬ ተቀምጬ።
ተራራው ቆዳው ተገፎ አጥንቱን ፀሐይ ይልሰዋል፣
ወንዙ ከሄደ ቆይቷል፤ ታፔላው ግን ስሙን ይዞ ይጠብቀዋል።

በሩ ላይ የፕላስቲክ ግመል፤ ማቴዎስ ወጣበት ዘሎ።
አንድ ወጣት ጥምጥም አደለን፣ «ለፎቶ ነው» ብሎ።
እኔ እንደ ሻሽ ሸብ አደረግኩት፤ ትርሲት ወገቧ ላይ አሰረች።
አያልነህ ግን ጨርቁን ተቀብሎ፣ ሳያስብ፣ ሳያይ፣ በጣቱ
በሁለት ዙር አፍና አፍንጫውን ሸፈነ፣ ዓይኑ ብቻ ቀረ ከፊቱ።
«ኦሌ! ማን አስተማረህ?» ወጣቱ ሳቀ። እሱም ሳቀ፣
የጨርቁ እጥፋት ተነቃነቀ እንጂ ዓይኑ ከሳቁ ጋር አልታረቀ።

መዋኛው እስከ አፉ ሞልቶ በአንድ ጎኑ ይፈሳል፣
ሆን ተብሎ፣ ለውበት። ልጆቼ ሲንቦጫረቁ
አያልነህ ቁልቁል አጎንብሶ፣ የፈሰሰው የት ይደርሳል?
«ተመልሶ ይመጣል» አለው ዘበኛው። «ሁሉም?» ብሎ ደግሞ ጠይቆት
መጥቶ ነገረኝ፣ ዘመድ ከሞት የተረፈ ያህል አስደንቆት።

ሌሊት ብነቃ የአልጋው ግማሽ ቀዝቅዟል።
በረንዳው ላይ ነው፤ ማቴዎስ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጭኑ ላይ ተጋድሟል።
«አባዬ፣ በረሃው ያበቃል?»
«ይሄኛው ያበቃል። ከዚያ ጉብታ ጀርባ ነዳጅ ማደያ አለ፣ አይስክሬም ይሸጣል።»
«ሌላ አለ እንዴ?»
ዝም። የመዋኛው ሞተር ከታች ያጉረመርማል።
«አለ። ትልቅ ነው። በጭነት መኪና ነው ያለፍነው።»
«ስንት ነበራችሁ?»
«ስንነሳ ሠላሳ አንድ።»
ልጁ በጣቱ እየቆጠረ እንቅልፍ ወሰደው።
«ስትደርሱስ?» የሚለው ጥያቄ በእኔና በእሱ መሃል፣
መጋረጃው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ማንም ሳያነሳው አደረ።

ከቁርስ በኋላ እነሱ ሐብሐብ ላይ ቀሩ። እኔ ወደ ክፍል ተመልሼ፣
አንሶላውን ገፍፌ፣ ፎጣውን ለብቻ ጠቅልዬ፣ አቧራ ካለ ብዬ መደርደሪያውን ዳብሼ፣
በር ተንኳኳ።
ጋሪ የምትገፋ፣ ፀጉሯ የሸበተ፤ ደረቷ ላይ «ኢንማኩላዳ» ይላል።
ክምሩን አየች። ልብሳቸውን አውልቀው እንደ ዳቦ የተደረደሩትን ትራሶች አየች።
እጄን አየች።
«አንቺም?»
«እኔም። ሮኬታስ። አራተኛ ፎቅ።»
ፍራሹ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች፣ ጫማዋን በሌላው እግሯ ገፍታ፣
አምስት ደቂቃ ተቀመጥን፣ ከአሠሪዋ ሰዓት ሰርቀን፣ በደስታ።
ስወጣ ሳሙና ሰጠችኝ፣ ሰባት። ብዙ ነው። ወሰድኩት።

መውጫው ላይ አያልነህ መኪናውን አቁሞ ወረደ።
ከአጥሩ ውጪ ማንም የማያጠጣው ቁጥቋጦ አለ፣ ግማሹ በፀሐይ የነደደ።
አንዱን ጀሪካን ደፋበት። ሁለተኛውን። አምስት።
አፈሩ ጮክ ብሎ ጠጣ።
ስድስተኛዋን መልሶ ከመቀመጫው ሥር ሸጎጣት።

ነዳጅ ማደያው ጋ «ስንት?» አለው አይስክሬም ሻጩ።
ዞሮ በጣቱ ቆጠረን፣ እኛን ሦስታችንን፣ ከዚያ ራሱን፣ ደረቱን ነክቶ።
«አራት» አለ፣
ድምፁን ከፍ አድርጎ።